ለልጄ «ጥሩ»፣ ለአባቴ «ምላሽ የለም»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። የሁለት ወር ልጄን ጆሮዋን ላስመረምር ስሄድ አባቴንም ይዣቸው ሄድኩና ሁለቱም በአንድ ዓይነት ማሽን ታዩ። የልጄ «ምላሽ በጣም ጥሩ» ተባለ፣ የአባቴ ግን «ምላሽ የለም»። 68 ዓመታቸው ነው፣ ብዙ ዘመን ጀንፈል መቀሸሪያ ውስጥ ሠርተዋል። ከእኔ ጋር እኮ ቁጭ ብለን እናወራለን! ደንቁረዋል ማለት ነው? እኔስ በ34 ዓመቴ ብታይ እንደ ልጄ ይወጣልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አትደንግጪ። ወረቀቱ አባትሽ ደንቁረዋል አይልም። ያ ማሽን መስማትን ራሱን አይለካም። ጆሮ ውስጥ የምትገባዋ ባለ ጎማ ጫፍ ድምፅ ትልካለች፣ እዚያው ያለው ማይክሮፎን ደግሞ ከውስጥ ጆሮ የሚመለሰውን በጣም ደካማ ድምፅ ይይዛል። አዎ፣ ጤነኛ ጆሮ ራሱ ድምፅ ያወጣል! ዴቪድ ኬምፕ የተባለ እንግሊዛዊ ነው ይህን በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው። ድምፁን የሚያወጡት ኮክሊያ በሚባለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ያሉ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ህዋሳት ናቸው፤ በአንድ ጆሮ 12 ሺህ ገደማ ይሆናሉ፣ ከሞቱ ደግሞ አይተኩም።

ልጅሽ ህዋሳቷ ገና አልተነኩም፣ የጆሮዋ ቀዳዳም ጠባብ ስለሆነ የሚመለሰው ድምፅ ጎልቶ ይለካል። ያንቺ ምላሽ ከእሷ ዝቅ ቢል ጤነኛ አይደለሽም ማለት አይደለም፣ የአዋቂ ሰው ምላሽ እንዲያ ነው። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው የቀጭን ድምፅ ክፍል ነው፣ የማሽን ጩኸት ደግሞ እሱኑ ያፋጥነዋል። የመስማት ድካሙ ከ30 እስከ 40 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ ምላሹ ብዙ ጊዜ ጭራሽ ይጠፋል፤ ሰውዬው ግን ጸጥ ባለ ቤት ፊት ለፊት ሆኖ ማውራት አያቅተውም። ይልቅ ሠርግ ቤት ጨዋታው ያመልጣቸዋል? «ሰ» እና «ፈ» ይምታታባቸዋል? ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጉ ይላሉ? እነዚህን ልብ በይ።

ኩክ ወይም ከታምቡር ጀርባ ያለ ፈሳሽም ምላሹን ይደብቀዋል። ስለዚህ አንገት በላይ ሐኪም ጆሯቸውን ይይላቸው፣ ከዚያ ማዳመጫ አድርገው ድምፅ ሲሰሙ ቁልፍ የሚጫኑበትን ምርመራ ያድርጉ። መስሚያ መሳሪያ ያስፈልጋቸው እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው።

የልጅቷ ነገር ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር አደራ። ይህ ማሽን የመስሚያ ነርቩን አያይም። ስትወለድ ከባድ ቢጫነት ይዟት ወይም ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተኝታ ከነበረ፣ የነርቩን ምላሽ የሚለካ ሌላ ምርመራ አለ፣ ጠይቂ። ወደፊትም ማጅራት ገትር ከያዛት ወይም ጄንታማይሲን የሚባለውን የአንቲባዮቲክ መርፌ ብዙ ቀን ከወሰደች እንደገና ትታይ። ስድስት ወር ሆኗት ከኋላዋ ስትጠሪያት ካልዞረች ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ይዘሻት ሂጂ።

ለአባትሽ ደግሞ እስከ ምርመራው ድረስ በክብሪት እንጨት ጆሯቸውን እንዳይነካኩ ንገሪያቸው።