ስለ ቦትና ኤፒአይ የጠየቃችሁኝ፣ የመለስኩላችሁ

ቦት (በራሱ መልእክት የሚቀበልና የሚመልስ ፕሮግራም) የምትሠሩ፣ ከሶሻል ሚዲያ ኤፒአይ (አንድ ፕሮግራም ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት በር) ጋር የምትታገሉ ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። አብዛኛው ስለ ቴሌግራም ነው፣ አይገርምም። ሱቁም፣ የቤት ደላላውም፣ የፈተና ማስታወቂያውም እዚያ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። ኤፒአይ ሲባል እሰማለሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም።

ዛሬ ታየዋለህ። ቴሌግራም ላይ ቦትፋዘርን (ቦት የሚከፈትበትን የቴሌግራም ቦት) ፈልገህ አዲስ ቦት ክፈት። ቶክን (የቦትህን የምስጢር ቁልፍ) ይሰጥሃል፦ ቁጥር፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ረጅም የፊደል ጥልፍልፍ። ብሮውዘር ላይ የቴሌግራምን የቦት አድራሻ ከነቶክንህ ጻፍና መጨረሻው ላይ «ጌትሚ» (getMe) የሚለውን ሜተድ፣ ማለትም የጥሪውን ስም፣ ጨምር። የቦትህ ስምና መለያ ቁጥር በጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ተጽፎ ይመጣልሃል። ኮድ አልጻፍክም፣ ግን ኤፒአይ ጠርተሃል። የቀረው ሁሉ ይህንኑ ከፕሮግራም ውስጥ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ፓይተን ይሻላል ጃቫስክሪፕት?

የምትችለው።

ጥያቄ፦ ፖሊንግ ልጠቀም ዌብሁክ? ቦቴ ለጊዜው ቤት ላፕቶፕ ላይ ነው የሚሠራው።

ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ፖሊንግ። ፖሊንግ ማለት ቦትህ ራሱ እየሄደ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ዌብሁክ ላይ ደግሞ ቴሌግራም ራሱ ይመጣል፤ ስለዚህ ከውጭ የሚደረስበት አድራሻና ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ያስፈልግሃል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጠቀም አይቻልም።

መብራት ቢጠፋ ወዲያው አትደንግጥ። ያልተወሰዱ መልእክቶችን ቴሌግራም እስከ 24 ሰዓት ያቆያቸዋል። ቦትህ ሲነሳ ሁሉንም ያገኛቸዋል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው፦ ማታ የተጻፈ «ምሳ ላኩልኝ» ጠዋት ሲደርስህ አሁን የታዘዘ እንዳይመስልህ። እያንዳንዱ መልእክት የተላከበት ሰዓት አብሮት አለ፤ መጀመሪያ እሱን እይ።

ሌላው፣ ፖሊንግ ላይ 409 የሚል ስህተት ካየህ በአብዛኛው አንድ ቦት ሁለት ቦታ እያስነሳህ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ሰርቨር ላይ የተረሳ ነው።

ጥያቄ፦ የቦቴ በተን በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ በአማርኛ ሳደርገው ስህተት ይመጣል። ቴሌግራም አማርኛ አይደግፍም እንዴ?

ይደግፋል። ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ስለላካችሁት ረጋ ብዬ ላስረዳ።

በተን ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ ሰው የሚያየው ጽሑፍ ነው። ሌላው ሲነካ ወደ አንተ የሚመለሰው «ኮልባክ ዳታ» ነው። የሁለተኛው ወሰን 64 ባይት ነው። ባይት ነው ያልኩት፣ ፊደል አይደለም። የላቲን ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ሥርዓት) አንድ ባይት ይወስዳል፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት።

ጠያቂው የላከልኝን ኮድ አየሁት። ኮልባክ ዳታው ውስጥ «የተመረጠውን ዕቃ ወደ ቅርጫት አስገባልኝ» የሚል አለ። ሲቆጠር 21 ፊደልና 4 ክፍተት ነው። 21 በ3 ሲባዛ 63፣ ክፍተቶቹ 4፣ ድምሩ 67። በሦስት ባይት አለፈ፣ ቴሌግራምም መለሰው። ለዓይን 25 ምልክት ብቻ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሚታየው ጽሑፍ በአማርኛ እንዳማረህ ይሁን። ኮልባክ ዳታው ውስጥ ግን አጭር የላቲን ኮድና የዕቃውን ቁጥር ብቻ ክተት፤ ዝርዝሩን ከዳታቤዝህ አምጣ።

ሳልረሳው፣ በእዝባር የሚጀምሩት ትእዛዞችም ላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ነው የሚቀበሉት። የትእዛዙ ማብራሪያ ግን በአማርኛ ይሆናል። ለእናቶችና ለአባቶች የሚሆን ቦት ከሆነ ትእዛዙን ተወውና ከታች በኪቦርዱ ቦታ በተኖች አስቀምጥላቸው።

ጥያቄ፦ 9 ሺህ ተጠቃሚ አለኝ። የበዓል ቅናሽ ልላክ ብል ጥቂት መቶዎች ጋ ደርሶ 429 ይላል።

ፈጥነሃል። ለብዙ ሰው ስትልክ በሴኮንድ 30 መልእክት ገደማ ነው የሚፈቀደው። ለአንድ ቻት በሴኮንድ አንድ፣ ለአንድ ግሩፕ በደቂቃ 20። ሒሳቡን ሥራው፦ 9 ሺህ ለ30 ሲካፈል 300 ሴኮንድ፣ ማለትም አምስት ደቂቃ። ለቅናሽ ማስታወቂያ አምስት ደቂቃ ምን አላት? እኔ በሴኮንድ 25 ላይ አቆመዋለሁ፣ እንቅልፍ ይሰጣል።

429 ሲመጣ መልሱ ውስጥ ስንት ሴኮንድ እንደምትጠብቅ ተጽፏል። ያንን አንብብና ጠብቅ። ያለ ፋታ ደጋግመህ ብታንኳኳ ነገሩ ይብስብሃል።

403 ደግሞ ሌላ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ቦትህን ብሎክ አድርጎታል ማለት ነው። ምልክት አድርግበትና ሁለተኛ አትላክለት።

ጥያቄ፦ የማስታወሻ ቦት ሠራሁ። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ደንበኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ ብሎ ተቆጣኝ። ኮዱ ላይ ምንም አላገኘሁም።

ስሜቱ ይገባኛል፣ የደንበኛውም ጭምር። ሰርቨርህ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ነው። ቦትህ «2»ን እንዳለ ወስዶ 02:00 ዩቲሲ ብሎ መዘገበው። እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር 5:00፣ በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሆነ። ማድረግ የነበረበት፦ 2 ላይ 6 ደምሮ 8:00፣ ከዚያ 3 ቀንሶ 05:00 ዩቲሲ።

ዳታቤዝ ውስጥ ሁልጊዜ ዩቲሲ አስቀምጥ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር የምትቀይረው ለሰው ስታሳይ ብቻ ይሁን። «2 ሰዓት» ብቻ የሚል ሰው ጠዋት ይሁን ማታ በበተን ጠይቀው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ተጠቃሚ ካለህ አገሩንም አስመርጠው፤ እዚያ «2 ሰዓት» ሲል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ቀኑን ደግሞ በራስህ ሒሳብ አትቀይር። ጳጉሜ አንዴ 5፣ አንዴ 6 እየሆነች ታሳብድሃለች። የተዘጋጁ ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች) አሉ፣ እነሱን ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ከአንድ የዩቲዩብ ቻናል አዲስ ቪዲዮ ሲወጣ ወደ ቴሌግራም የሚልክ ነገር ሠርቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ኮታ አለቀ ይላል።

«ሰርች» እየተጠቀምሽ ነው፣ አይደል? የዩቲዩብ ኤፒአይ መደበኛ ኮታ በቀን 10 ሺህ ነጥብ ነው። አንድ ፍለጋ 100 ነጥብ ይበላል። በቀን መቶ ፍለጋ፣ አለቀ።

ፍለጋውን ተይው። እያንዳንዱ ቻናል የጫናቸው ቪዲዮዎች በሙሉ ያሉበት የራሱ ፕሌይሊስት አለው። የፕሌይሊስቱን መለያ የቻናሉን ዝርዝር ስትጠይቂ ያመጣልሻል። እሱን ማንበብ በአንድ ጥሪ 1 ነጥብ ብቻ ነው፣ እስከ 50 ቪዲዮም ይሰጣል። በየአምስት ደቂቃው ብታዪው እንኳ በቀን 288 ነጥብ ነው።

ኮታው የሚታደሰው በካሊፎርኒያ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ እነሱ በብርዱ ወራታቸው ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ 5 ሰዓት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ «አዲስ ቀን ሆኖ ለምን አይሠራም» የምትሉ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ከፌስቡክ የሰዎችን ፕሮፋይልና ኮሜንት የሚሰበስብ ሲስተም ለመመረቂያ ፕሮጀክት መረጥን። ይሆናል?

ርዕሱን ሳታስጸድቁ ደግማችሁ አስቡበት። የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ ከሆነ ያ ዘመን አልፏል። ድሮ አንድ ሰው ሲፈቅድ የጓደኞቹ መረጃ ጭምር ይወሰድ ነበር። ያ በር በ2015 ተዘጋ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2018 የካምብሪጅ አናሊቲካ (የሚሊዮኖችን የፌስቡክ መረጃ ያለ ፈቃዳቸው የተጠቀመው ድርጅት) ጉዳይ ሲፈነዳ ደግሞ የቀረውም ጠበበ። አሁን ከራሳችሁ ፔጅ ውጪ ላለ መረጃ በአብዛኛው ፈቃድና የአፕ ግምገማ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ለተማሪ ቀላል አይደለም።

ፌስቡክ ብቻም አይደለም። ትዊተር (የአሁኑ ኤክስ) በ2023 ነጻውን የኤፒአይ አገልግሎት በጣም አጥብቦ ለቀረው ዋጋ አወጣ። በዚያው ዓመት የውይይት መድረኩ ሬዲት ለሺህ ጥሪ 24 የአሜሪካ ሳንቲም ማስከፈል ሲጀምር ሬዲት የሚነበብበት አፖሎ የተባለው ታዋቂ አፕ ሰኔ መጨረሻ ላይ ተዘጋ፤ የሠራው ሰው ክፍያው በዓመት ሃያ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይመጣብኛል ብሎ ነበር። በሌላ ድርጅት ኤፒአይ ላይ መሥራት የኪራይ ቤት ነው። አከራዩ ደህና ሰው ቢሆንም ኪራይ ይጨምራል፣ ሲያሰኘው ልቀቅ ይላል። ስለዚህ የደንበኞቻችሁን ዝርዝርና ትዕዛዝ በራሳችሁ ዳታቤዝ ያዙ። ኤፒአዩን የሚጠራውን ኮድም አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቡት፣ ነገ ሲቀየር መቶ ቦታ እንዳትፈልጉ።

ለመመረቂያው፦ የአንድ ፈቃደኛ ፔጅ ኮሜንት ብቻ ብታደርጉት ይሠራል። የፔጁ ባለቤት አብሯችሁ ይሁን እንጂ።

ጥያቄ፦ በቻፓ ወይም በቴሌብር ክፍያ ስቀበል፣ ደንበኛው «ተሳክቷል» የሚለው ገጽ ላይ ከደረሰ ዕቃውን ልልክለት?

በፍጹም! ያ ገጽ ተራ ሊንክ ነው። አድራሻውን ያወቀ ሰው ሳይከፍል ሊከፍተው ይችላል። ቻፓ ላይ የግብይቱን መለያ ይዘህ ከራስህ ሰርቨር «ይህ ተከፍሏል?» ብለህ ታረጋግጣለህ። ሌላም ቢሆን ማረጋገጫው ከሰርቨር ወደ ሰርቨር መሆን አለበት። ብሩንም አመሳክር፤ 2,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ አዝዞ 20 ብር የከፈለም «ተሳክቷል» ይባላል። አንድ ማረጋገጫ ሁለት ጊዜ ሊደርስህ ስለሚችል አንዴ የተላከ ዕቃ ሁለተኛ እንዳይላክ አድርገህ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ቶክኔ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ወጥቶ ነበር፣ ወዲያው አጠፋሁት። ምንም አይደለም አይደል?

አደገኛ ነው እንጂ። የኮዱ ታሪክ ውስጥ አሁንም ቁጭ ብሏል። አሁኑኑ ቦትፋዘር ጋ ገብተሽ ቶክኑን ሰርዢ፣ አዲስ ይሰጥሻል። አዲሱን ከኮዱ ውጪ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ቡቲክ ቦት ልሠራ ነው። ስንት ልጠይቅ?

ብሩን ገበያው ይንገርህ። እኔ የምልህ፣ የመሥሪያውንና የጥገናውን ዋጋ ለያይ። ጥገናው በወር ይከፈል፣ በጽሑፍም ይሁን። ኤፒአይ በተቀየረ ቁጥር «አንተ የሠራኸው ነው፣ ተበላሸ» ብለው ነው የሚደውሉት። የሰርቨሩን ክፍያ በባለቤቱ ስም አድርግ። ቦቱንም ስታስረክብ ቦትፋዘር ላይ ባለቤትነቱን ማዛወር ይቻላል። ለዚያ አካውንትህ ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቀድሞ መከፈት አለበት፤ የርክክቡ ቀን ሳይደርስ ክፈተው።