ከድሬ ወጥቶ ከእናትና ከልጆች ጋር ውሎ ለመግባት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም የግሩፓችን ሰዎች። የፊታችን እሁድ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ከድሬ ልንወጣ አስበናል። እናቴ 70 አልፏቸዋል፣ ደም ግፊትም አለባቸው። ልጆቹ 7 እና 2 ዓመት ናቸው። ሐሮማያ ሐይቅ ዳር ምሳ በልተን፣ ሐረር ገብተን፣ ማታ ጅብ ሲበላ አይተን በዚያው ልንመለስ ነው። መኪናችን ቪትዝ ናት። ባለቤቴ ግን ሩቅ ከምንሄድ እዚሁ ደረቁ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ላይ ጥላ ፈልገን እንዋል ይላል። ምን ይሻላል? በዚህ በግንቦት ሙቀት ምግቡስ እንዴት ሳይበላሽ ይደርሳል?»

ሰላም እህቴ። ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ሐይቁንና ጅቡን በአንድ ቀን አታድርጉት። ጅብ የሚበላው ከመሸ በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው። አይታችሁ፣ ልጆቹን ጭናችሁ ከሐረር ስትነሱ 2 ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይቀራል፤ መጨረሻው ደግሞ የደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በጨለማ፣ አንዳንዴም በጉም፣ ከፊት ተሳቢ ከኋላ የሚያጣድፍ የጫት መኪና እያለ፣ ቀኑን ሙሉ የዋለ ሹፌር ይህን መውረድ የለበትም። እናትሽም ከጠዋት እስከ ሌሊት መኪና ውስጥ ሲታጠፉ እግራቸው ያብጣል። እሁድን ለሐሮማያ ብቻ ስጡት፤ ጅቡን ሐረር የምታድሩበት ቀን አድርጉት።

አሁን የባለቤትሽን ሐሳብ ላንሳ፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነውና። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ አሸዋው ደረቅ መሆኑ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ወንዞቻችን የሚሞሉት እኛ ጋ በሚጥለው ዝናብ አይደለም፤ ደንገጎና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ በሚጥለው ነው። ተራራው የተራቆተና ቀጥ ያለ ስለሆነ ውሃው አይሰርግም፤ ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 የደቻቱ ወንዝ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ሌሊት፣ ሕዝቡ በተኛበት ነው። ግንቦት ላይ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ገና ሙሉ ለሙሉ አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ወደ ደጋው በኩል ሰማይ ከጠቆረ አሸዋ ላይ መቀመጥ አይደለም፣ መሻገርም አይገባም። ምልክቶቹን ልጆቹም ይወቋቸው፦ ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ቅጠልና ገለባ እየገፋ የሚመጣ ቡናማ አረፋ። ያኔ ዕቃ መሰብሰብ የለም። ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥም የለም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ መውጣት ነው። ወራጅ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ 30 ሲደርስ እንደ ቪትዝ ያለች ትንሽ መኪና ከመሬት ያነሳል። ባለቤትሽ ከከተማ መራቅ ካልፈለጉ ከዚራ ሰፈር የትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ዋሉ፤ ወንዝ ውስጥ ግን በፍጹም።

ወደ ሐሮማያ ከሄዳችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ውጡ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐሮማያ 2,000 ገደማ ላይ። ያንን ሁሉ ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ነው የምትወጡት። በማለዳ ሲሆን ሞተሩ አይግልም፣ ልጆቹም አያስመልሳቸውም፣ ጥላ ያለበት ቦታም ሳይያዝ ትደርሳላችሁ። ለመመለስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አይለፋችሁ። የከሰዓት ዝናብና ጉም ደንገጎ ላይ ሳያገኛችሁ ድሬ ትገባላችሁ።

ምግቡን እንመልከት። አገልግል ካላችሁ እሱን የሚያክል የለም፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆዳው ሙቀት ይይዛል። ፍርፍሩን ከምድጃ እንደወረደ ጨምረሽ ከከደንሽው በእንፋሎቱ ያልበዋል፣ እንጀራው ይላቁጣል፣ ድሬን ሳትወጡ መኮምጠጥ ይጀምራል። ሰፊ ትሪ ላይ አፍስሰሽ፣ ቬንትሌተር ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። እጅሽን አገልግሉ ውስጥ ስትከቺ ሙቀት ካልተሰማሽ ያኔ ጨምሪው።

ከምግቦቹ ሁሉ ለዚህ ጉዞ የምመርጠው የቋንጣ ፍርፍር ነው፤ በድርቆሽ እንጂ በትኩስ እንጀራ አይደለም። ለእናንተ ለአምስታችሁ ሩብ ኪሎ ቋንጣ፣ 4 መካከለኛ ሽንኩርት፣ ለልጆቹ ሲባል 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ብቻ፣ የ5 እንጀራ ድርቆሽ ይበቃል። ቋንጣውን ሙቅ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ዘፍዝፊው፤ አለዚያ እናትሽ ሊያኝኩት አይችሉም። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አብስለሽ፣ ከዚያ ዘይትና በርበሬ ጨምረሽ 10 ደቂቃ አቁላዪው። ቅቤ ከወደድሽ ግማሽ ቅቤ ግማሽ ዘይት አድርጊው፤ ሐሮማያ ነፋሻ ስለሆነ ቅቤ ብቻ የሆነ ፍርፍር እዚያ ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ቋንጣውንና 2 ብርጭቆ ውሃ ጨምረሽ 5 ደቂቃ ከፈላ በኋላ ከእሳት አውርጂና ድርቆሹን እዚያው አገላብጪው። ምድጃ ላይ እያለ ከጨመርሽው ይፈርሳል። ጨውን ቀነስ አድርጊ፤ ቋንጣው ራሱ ጨው አለው፣ ለእናትሽ ደም ግፊትም ጥሩ አይደለም።

ከዚህ ሌላ የተቀቀለ እንቁላል ከነልጣጩ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ድፎ ዳቦ፣ ሙዝ። ቲማቲምና አቮካዶ እዚያው ይቆረጣል። የማይሄዱትን ደግሞ ከነምክንያታቸው ልንገርሽ። ሩዝ አትያዢ፤ ሩዝ ላይ ያለው ተህዋስ ሲቀቀል አይሞትም፣ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባል፣ የሚተወው መርዝ ደግሞ ቢሞቅም አይጠፋም። አይብ፣ ክትፎና በማዮኔዝ የተለወሰ ሰላጣም ይቅር። የበሰለ ምግብ ከቅዝቃዜ ወጥቶ ሊቆይ የሚችለው 2 ሰዓት ነው፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ግን 1 ሰዓት ብቻ። ለዚህ ነው በረዶ የግድ የሚሆነው። ቅዳሜ ማታ አራት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሦስት አራተኛቸውን ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ፤ ጢም ብለው ከሞሉ ይፈነዳሉ። አይስቦክስ ከሌለሽ ክዳን ያለው የላስቲክ ባልዲ በወፍራም ፎጣ ተጠቅልሎ ይሠራል። ሁለቱ ሃይላንድ ከሥር፣ ሁለቱ ከላይ፣ አገልግሉ መሐል። ሲቀልጥ የምትጠጡት ውሃ እሱው ነው። በጠቅላላው ግን ለአምስት ሰው 12 ሊትር አታሳንሱ፤ እጅ መታጠቢያው ለብቻው።

ለሁለት ዓመቱ ልጅ ወተት በጡጦ አዘጋጅተሽ አትውጪ። የፈላ ውሃ በፔርሙዝ፣ የወተት ዱቄቱ ደረቁን በቆርቆሮው፤ ሲጠጣ ብቻ ይበጠበጣል። ጠጥቶ የተረፈው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደፋ። ለተቅማጥና ለትውከት የሚበጠበጠው ኦአርኤስ ሁለት ፓኬት ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር፤ አንዱ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። ካለቀብሽ በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ለጥ ያለ እንጂ የተቆለለ አይሁን።

ቡናው እንዳይቀር። እናትሽ ለዚህ ብለው ነው የሚሄዱት ብዬ እገምታለሁ። ቤት ተቆልቶ ከመጣ ግማሹ ደስታ ይቀራል፤ እዚያው ይቆላ፣ ጭሱ ይዙር። ግማሽ ኪሎ ከሰል ለሦስቱም፣ ለአቦል ለቶና ለበረካ ይበቃል። ማንደጃውን ከነፋሱ ጀርባ፣ ከሰሌኑ ሦስት እርምጃ ራቅ አድርጉት። ከሰሉን ስትጨርሱ አፈር ወይም አሸዋ አታልብሱት። ከላይ ቀዝቃዛ መስሎ ከሥሩ ለሰዓታት ፍም ሆኖ ይቆያል፤ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ እግሩ የሚቃጠለው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱበት፣ ከዚያ የእጅን ጀርባ አቅርባችሁ ሙቀት መኖሩን እዩ። ፍም የቀረበት ማንደጃ መኪና ውስጥ አይግባ። ጭስ ባይታይም ከፍሙ የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ መኪና ሰው ይገድላል፤ ልጆቹ ተኝተው ከሆነ ማንም ሳያውቅ ነው።

ሐይቁ ለዓመታት ደርቆ ቆይቶ ውሃው የተመለሰ ነው። ዳሩ ጭቃ ነው፤ ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ሲረግጡት ግን እስከ ጉልበት ያሰምጣል። ሰሌኑን ከውሃው ቢያንስ 30 እርምጃ ርቃችሁ፣ ዛፍ ያለበት ላይ አንጥፉ፣ ባለማሳውን አስፈቅዳችሁ። ትንሹን ልጅ «እናንተ እዩት» ተባብሎ መተው አይሠራም፤ ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ ያስባል። በየግማሽ ሰዓቱ በስም የተለየ አንድ ጠባቂ ይኑረው። ለእናትሽ ዱካ ሳይሆን መደገፊያ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ያዙ፤ ከዱካ ለመነሳት ጉልበት ይፈልጋል። ጋቢም አይርሱ፣ ድሬ አልቦት የወጣ ሰው ሐሮማያ ነፋስ ላይ ሲቀመጥ ይበርደዋል። የግፊት መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ መንገድ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል ብለው የሚዘሉ እናቶች ብዙ ናቸው። መጸዳጃ ለማግኘት ሐሮማያ ከተማ ካፌ ገብታችሁ ሻይ ጠጡ፣ ሐይቁ ዳር ላታገኙ ትችላላችሁና።

ስለ መኪናው አጭር ነው። የራዲያተሩን ውሃና የጎማውን ነፋስ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ እዩ። ደንገጎን ስትወጡ ኤሲ ይጥፋ። የሙቀቱ ቀስት ከግማሽ ካለፈ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ዳር ያዙ፣ ኮፈኑን አንሱ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን በእጅ መያዝ እስኪቻል፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አትንኩ። ስትወርዱ በፍሬን ብቻ አትውረዱ። ኦቶማቲክ ከሆነች ከዲ ወደ ኤል ወይም ወደ ቢ ቀይሩ፣ ማርሽ ከሆነ ሁለተኛ። የሚነድ ጎማ የመሰለ ሽታ ከመጣ ፍሬኑ ግሏል፤ ቁሙና ሳይቸኩሉ ይቀዝቅዝ፣ ውሃ አይደፋበት። የጫት መኪና ከኋላ ጥሩምባ ከነፋ ዳር ይዞ ማሳለፍ ነው። የሚያስመልሰው ልጅ ወተት ሳይጠጣ፣ ደረቅ ዳቦ ብቻ በልቶ ይነሳ፤ ስልክ አይስጡት፣ ወደ ፊት ይይ። ጆሯቸው ሲደፈን ከረሜላ ይምጠጡ፣ ትንሹ ውሃ ይጠጣ።

የጅቡ ቀን ሲደርስ ጀጎልን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ጀምሩ። መተላለፊያዎቹ ጠባብና ድንጋይ የተነጠፈባቸው ስለሆኑ እናትሽ ሁሉንም በእግር አይዙሩ፤ በባጃጅ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ይግቡ፣ ከዚያ መኪና ግርግር የሚባለውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ እያዩ ቀስ ብለው ይውረዱ። አንድ የሐረሪ ቤት ከውስጥ አሳዩአቸው፤ በግድግዳው የተሰቀሉትን ሰፌዶች ልጆቹም ይወዷቸዋል። ጊድር መጋላ ገበያ አካባቢ ግን ልጅ እጁ ላይ ሳምቡሳም ሆነ ሥጋ ይዞ አይሂድ። ጭልፊት ከላይ ወርዶ ከእጅ ይነጥቃል፣ ጥፍሩም ይቧጭራል።

ጅቡ ዘንድ ስትደርሱ ልጆቹ ምንም የሚበላ ነገር ኪሳቸው ውስጥ አይኑር። የሁለት ዓመቱ ከመሬት አይውረድ፣ በትልቅ ሰው እቅፍ ይሁን። የሰባት ዓመቱ ከእናንተ ጎን ቆሞ ይይ እንጂ ቁጢጥ አይበል፣ ጀርባም አይስጥ፣ አይሩጥ፣ አይጩህ። የስልክ ፍላሽ ዓይናቸው ላይ አታብሩ። በእንጨት ሥጋ ማጉረስ የፈለገ ትልቅ ሰው የጅብ አብዪውን ትእዛዝ ይስማ፣ እንጨቱን በጎን ዘርግቶ ይያዝ። በአፍ ይዞ ማጉረሱን ለፎቶ ሲሉ የሚያደርጉ አሉ፤ የልጆች አባት ይህን ባያደርጉ እመርጣለሁ። የማብያው ቦታ ሲነገር የኖረው ከፈላና በርና ከሰንጋ በር ውጭ ነው፤ የዕለቱን ግን ከባጃጅ ሹፌር ጠይቁ፣ ዋጋውንም መኪና ሳታቆሙ ተስማሙ።

ስትመለሱ የሐረርን ጣፋጮች፣ ሙሸበክና ሐለዋ መግዛታችሁ አይቀርም። በፌስታል አስጠቅልላችሁ የኋላ መስታወት ሥር አትተዉት፤ ድሬ ሲደርስ ሽሮፑ ወጥቶ ወንበሩን ያበላሻል። በወረቀት ተጠቅልሎ በካርቶን፣ ወለሉ ላይ፣ ከፊት ወንበር ጀርባ ይቀመጥ።