የዱቤ ደብተሩን አትናቂው

አንዲት የድሬዳዋ ልጅ ከሳቢያን ጽፋልኛለች። በኢኮኖሚክስ ተመርቃ ሥራ ስታጣ የአጎቷ ሱቅ ገባች። «ሰው የሚገዛውን አይቶ በከተማ ውስጥ ያለውን የኑሮ ልዩነት መለካት ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። ሙያ ይሆነኛል ወይ? እኛ ሰፈር ሁሉም በጥሬ ብር ነው የሚገዛው፤ መረጃው ከየት ይመጣል?» ትላለች።

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። መረጃው እጅሽ ላይ ነው። የሱቁ የዱቤ ደብተር!

እስኪ አንድ ገጽ ግለጪ። አንዱ ደንበኛ በወር አንዴ አምስት ሊትር ዘይት ይወስዳል። ሌላዋ በየሁለት ቀኑ በላስቲክ የተቋጠረች ዘይትና ሩብ ኪሎ ስኳር። የላስቲኳን ዋጋ በሊትር አስልተሽ ተመልከቺ። አብዛኛውን ጊዜ የምትወደደው ትንሿ ናት። አምስት ሊትሩን በአንዴ የሚከፍልበት ብር ያጣ ሰው ለዚያው ዘይት ይበልጥ ያወጣል። ውኃም እንደዚያው ነው፤ ግቢው ቧንቧ ያለውና በጀሪካን የሚገዛው ለአንድ ሊትር እኩል አይከፍሉም። ለእኔ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየኝ ሰው በገዛው ዕቃ ሳይሆን በሚገዛበት መንገድ ነው። ይህንን ደግሞ ከባንኮኒ ኋላ የቆመ ሰው ከማንም ቀድሞ ያየዋል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤርንስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857፣ ቤተሰብ ድሃ በሆነ ቁጥር ከወጪው ለምግብ የሚውለው ድርሻ እንደሚጨምር አሳይቷል። አዲሱ ነገር የመረጃው ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ሩዋንዳ ውስጥ ከሞባይል አጠቃቀም የሰዎችን የሀብት ደረጃ ገምቷል። ቶጎም በኮቪድ ጊዜ ድጎማ ለማን ይድረስ የሚለውን ለመለየት በሞባይል መረጃ ተጠቅማለች።

ግን ስልክ የሌለው ሰው እዚያ ውስጥ የለም። ያንቺም ደብተር ያው ነው። ዱቤ የሚሰጠው ለታመነ ነው፤ ከሁሉም የከፋበት ሰው ስሙ አልተጻፈም። ስለዚህ ከአንድ ደብተር ተነስተሽ «ድሬ እንዲህ ናት» እንዳትዪ። እንደ ከዚራና ገንደ ቆሬ ባሉ ሌሎች ሰፈሮች ያሉ ሱቆችን ጨምረሽ ስታወዳድሪ ነው ነገሩ መልክ የሚይዘው።

ሙያ ይሆናል ወይ? ይሆናል፤ ግን በዚህ ስም የሚወጣ ማስታወቂያ አትጠብቂ። መግቢያው በር የመስክ መረጃ ሰብሳቢነት ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ያካሂዳል። ለጥናት ሰው የሚፈልጉ ዩኒቨርሲቲዎችና የእርዳታ ድርጅቶችም አሉ። ኮንትራቱ አጭር ነው፣ ጸሐይም አለበት። ቢሆንም ሰው ቤት ገብቶ «ትናንት ምን በላችሁ?» ብሎ መጠየቅን የመሰለ ትምህርት የለም። ጎን ለጎን ኤክሴልን በደንብ ያዢ፤ ከዚያ በነጻ የሚወርደውን አር (R) የተባለ የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ልመጂ።

እስከዚያው አጎትሽን አስፈቅጂና የሦስት ወሩን ዱቤ ኮምፒውተር ላይ አስገቢ። ስም አይግባ፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቁጥር ስጪ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ከአዋጁም በፊት ደግሞ ሰዎቹ ችግራቸውን አምነው ያስጻፉት እናንተ ዘንድ ነው። ቀን፣ ቁጥር፣ ዕቃ፣ መጠን፣ ዋጋ፣ በቃ። መጠኑ ላይ «አንድ ላስቲክ» ብለሽ አትለፊው። አንዷን ላስቲክ በመለኪያ ገልብጠሽ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነች ጻፊ።