ባለቤትሽ የተሰናበተበትን ቀን ቁጠሪ

እህቴ፣ «‹ዳርክ ዋተርስ› የተባለውን ፊልም አብረን አየን፤ ባለቤቴም በፋብሪካው ስለሚነካው ኬሚካል በመጠየቁ ባለፈው ሳምንት አሰናበቱት፤ እንደ ፊልሙ ጠበቃ ማስረጃውን ሁሉ እስክናሟላ እንቆይ ወይስ አሁኑኑ እንሂድ?» ብለሽ የጻፍሽውን ሳይ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። አሁኑኑ ሂዱ።

1. ቀን ቁጠሩ። እዚህ አሜሪካ ስለ ሥራ ደኅንነት በመጠየቁ የተባረረ ሠራተኛ ኦሻ ለሚባለው የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ያለበት በ30 ቀን ውስጥ ነው። የፊልሙ ጉዳይ ሌላ ነው። ገበሬው ዊልበር ቴናንት ዱፖንት የተባለው ኬሚካል አምራች በጣለው ቆሻሻ ላሞቹ እያለቁበት ጠበቃውን ሮብ ቢሎትን የፈለገው በ1998 ነበር፤ ዱፖንትና ከእርሱ ተለይቶ የወጣው ኬሞርስ የተባለ ኩባንያ ከ3,500 በላይ ክሶችን በ671 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት የተስማሙት በ2017 ነው። ቴናንት ይህን ሳያይ በ2009 ሞተ። እኔም ያንን ሁሉ ዓመት አይቼ፣ የሚያሸንፈው የታገሠ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

2. ማስታወሻ ያዙ። ሰው ሁሉ ጠበቃውን ያደንቃል፤ እኔ የማደንቀው ገበሬውን ነው። ማንም ሳይሰማው የታመሙ ላሞቹን በራሱ ካሜራ ይቀርጽ ነበር። እኔ በሌሊት ፈረቃ የብረት ዕቃ ከቅባት ሳጸዳ የጣቶቼ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን፣ ጓንት የለም የተባልኩበትን ሌሊት፣ አለቃዬ የተናገረውን ሁሉ በሰማያዊ ደብተር በአማርኛ፣ በእኛው ዘመን አቆጣጠር ጻፍኩ። ካባረሩኝ በኋላ ፎቶ ሳሳትም፣ ምስክር ስለምን ቀኑ ሄደ። በመጨረሻ አንድ የጠበቃ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ፊልም አይተህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ደብተሬን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ «ይህ ደግሞ የምን ቋንቋ ነው?» አለች። ከዚያ የተባረርኩበትን ቀን ጠየቀችኝና ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ በእስክርቢቶዋ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። አርባ አንድ። ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ስልክ አነሳች። የሦስት ዓመት ጽሑፌን! ያ የእስክርቢቶ ጫፍ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ደብተሩ ግን ከንቱ አልቀረም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ የሆንዱራስ ተወላጅ የሥራ ጓደኛዬ በዚያው ምክንያት ተባረረ። በአራተኛው ቀን እኔው ራሴ ሰውየውን ይዤ ወደ ኦሻ ሄድኩ። ልጄ ደብተሩን ተረጎመችልን፤ ቀኖቹንም አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀየረቻቸው። ሰውየው የቀረበት ደመወዝ ተከፍሎት ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ባልመለስም እርሱን አስመልሻለሁ።

3. ባለቤትሽ ቢሰናበትም፣ ለኬሚካሉ ስለመጋለጡ የተያዘውን መዝገብ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ አሠሪው በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ይህ ግን ከአቤቱታው በኋላ ይድረስ። አቤቱታው በስልክም ይቀርባል፤ በየትኛውም ቋንቋ፣ በአማርኛም ይቀበላሉ። የተሰናበተበትን ቀን እዚሁ ጻፊልኝ፤ እኔ እቆጥርላችኋለሁ።