ሲንሃላን ከየትኛው የባህል ቡድን ላድርገው? (መልስ)

ለክሩሴደር ኪንግስ 3 (የመካከለኛው ዘመን የስትራቴጂ ቪዲዮ ጨዋታ) በምትሠራው ሞድ፣ ማለትም የጨዋታ ማሻሻያ፣ የስሪላንካውን የሲንሃላ ሕዝብ ከኢንዶ-አርያን ቅርስ ሥር አስገባው። ጎረቤቶቹ ታሚሎች ስለሆኑ ወደ ድራቪድ (ታሚሎች ወዳሉበት የደቡብ ሕንድ ወገን) ልውሰደው ወይ ብለሃል፤ አትውሰደው። ቋንቋው የሚዛመደው ከሰሜን ሕንድ ቋንቋዎች ጋር ነው። ጉርብትናውን በሌላ መንገድ ታሳያለህ።

ክሩሴደር ኪንግስ 3 ላይ ቅርስ፣ ቋንቋና ልማድ ለየብቻ ነው የሚሞሉት። እንዲህ አድርግ፦

1. ቅርሱ ኢንዶ-አርያን፣ ቋንቋው ሲንሃላ ይሁን።
2. ከልማዶቹ አንዱን ከታሚል ጋር አጋራው። በኩሬና በግድብ የሚሠራ መስኖ ለሁለቱም ይሄዳል።
3. ቴራቫዳ ቡድሂዝምን ባህሉ ውስጥ አትክተት፤ ሃይማኖት ላይ ይግባ።

በፈረንጆቹ 1066 የምትጀምር ከሆነ ገዢዎቹንም አስተካክል። የስሪላንካዋ ከተማ ፖሎናሩዋ ያኔ በቾላዎች፣ በደቡብ ሕንድ የታሚል ነገሥታት እጅ ነበረች። የሲንሃላው ንጉሥ ቀዳማዊ ቪጃያባሁ ከደቡብ፣ ከሩሁና ተነስቶ ያስለቀቃት በ1070 ነው። ስለዚህ እዚያ ገዢውን ታሚል፣ ሕዝቡን ሲንሃላ አድርግ። ለሩሁና ደግሞ ቪጃያባሁን ራሱን አስቀምጥ። ያን ጊዜ ትግሉ ከካርታው ላይ በራሱ ይነሳል፤ የዚህ አካባቢ ትልቁ ውበት ለእኔ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። በየሞዱ ደጋግሜ የማየው ችግር፣ የቤተ መንግሥት ጽሑፍ አይቶ የሕዝቡን ባህል መመደብ ነው። የኔፓሉ የካትማንዱ ሸለቆ ነገሥታት በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ያስጽፉ ነበር። የሸለቆው ሕዝብ የኔዋሮች ቋንቋ ግን ከቲቤት-በርማ ወገን ነው። ከሰሜን ሕንዶች ጋር ከጨፈለቅካቸው የሸለቆው መልክ ይጠፋል። አሆሞችንም ቢሆን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሕንዷ አሳም የገቡት በ1228 ስለሆነ ከዚያ በፊት እዚያ አታስቀምጣቸው።