ማሳጅን ሙያ ማድረግ፦ ከጎንደር ለጻፈ ተማሪ የተሰጠ መልስ

ውድ ተማሪ፣

የ12ኛ ክፍል ትምህርትህን እንዳጠናቀቅህ፣ አዘዞ የሚኖሩት አያትህ የታወቁ ወጌሻ እንደሆኑና ሲያሹ እያየህ እንዳደግህ ገልጸህ፣ በጎንደር ሆቴሎች በማሳጅ ሙያ ለመቀጠር ከአያትህ ያየኸው ይበቃህ እንደሆነ ጠይቀኸኛል። እናትህ ሥራው ስም ያጠፋል ብለው መስጋታቸውንም ጽፈሃል። አይበቃም፤ መማር አለብህ።

ከአያትህ ያገኘኸውን አልንቅም፤ የጠጠረ ጡንቻን በጣት ዳሰሳ መለየት፣ ታካሚው ሳይናገር ሕመሙን ከፊቱ ማንበብ በክፍል ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ ችሎታ አይደለም። ሆኖም ወጌሻ የወለቀ ይመልሳል፣ የተሰበረ ይጠግናል፤ የማሳጅ ባለሙያ ሥራ ግን በጡንቻና በለስላሳ አካል ላይ ብቻ ነው።

በብዛት የሚሰጠው የስዊድን ማሳጅ የሚባለው ነው። ስሙ ከስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ (እ.ኤ.አ. 1776–1839) ጋር ሲያያዝ ቢቆይም፣ ስልቶቹን በፈረንሳይኛ ስሞቻቸው በማደራጀት የሚጠቀሰው ሆላንዳዊው ሐኪም ዮሃን ሜዝገር ነው። ሥራው የሚጀመረው ቅባት በተቀባ መዳፍ፣ ወደ ልብ አቅጣጫ በረጅሙ በማዳበስ ነው፤ ኤፍሉራዥ የሚባለው ይህ ስልት ሰውነቱን ያሞቃል፣ አንተንም የት እንደጠጠረ ያሳውቅሃል። ከዚያ ጡንቻውን እንደ ሊጥ እያነሡ ማሸት (ፔትሪሳዥ) እና በአውራ ጣት አንድ ቦታን ጠበቅ አድርጎ መፈተግ (ፍሪክሽን) ይከተላሉ። በጎደጎደ መዳፍ ቸብ ቸብ ማድረግና ማርገብገብም አሉ።

እነዚህን እጅህ በጥቂት ወራት ይለምዳቸዋል። የምሰጋልህ ለሌላ ነገር ነው። ከረጅም በረራ በኋላ ስሜን ተራራን ወጥቶ የወረደ ቱሪስት ባቱን እንድታሽለት ይጠይቅሃል እንበል። ሁለቱም እግሮቹ እኩል ከዛሉ ድካም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ብቻ አብጦ፣ ሞቆና ቀልቶ ከሆነ ግን በጥልቅ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ማሸቱ የረጋውን ደም አላቅቆ ወደ ሳንባ ሊሰደውና ሰውየውን ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ሳትነካ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም መላክ አለብህ። ትኩሳት ያለበትን፣ ስብራት የሚጠረጠርበትንም አታሽም፤ ቁስልና ተላላፊ የቆዳ በሽታ ባለበት ቦታ ላይም እጅህን አታሳርፍ።

ስለዚህ ማሠልጠኛ ስትመርጥ ከክፍያው በፊት የሰውነት አካል ትምህርት ስንት ሰዓት እንደሚሰጥና ሠልጣኞቹ ለብቃት ምዘና ይቀርቡ እንደሆነ ጠይቅ። ውጤትህ ካደረሰህ ደግሞ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴና በእጅ የሚሰጥ ሕክምና) ትምህርት አስብበት፤ ረዘም ያለና የተለየ ሙያ ቢሆንም በር ይከፍትልሃል።

ለእናትህ፣ በደንብ በሚሠራ ቤት ደንበኛው በአንሶላ እንደሚሸፈንና የሚታሸው አካል ብቻ እንደሚገለጥ፣ ባለሙያውም ሳያስፈቅድ እንደማይነካ ንገራቸው። ወደ አያትህም ሂድና ማንን አላሽም ብለው እንደመለሱ፣ ምን አይተው እንደሆነም ጠይቃቸው፤ የሚነግሩህን ጻፈውና ለመጀመሪያው አሠልጣኝህ አሳየው።