የድራይቩን ብሎን ማንም እንዳይነካብህ

ወንድሜ፣ ከሐረር የጻፍከውን ጥያቄ አየሁት። የአባትህ 486 ኮምፒውተር የድሮ ፍሎፒዎቹን ማንበብ አቁሟል፤ የፍሎፒ ድራይቩን ላስጠግን ወይስ አውጥቼ በጎቴክ (በፍሎፒ ፈንታ ፍላሽ በሚሰካበት ምትክ ድራይቭ) ልተካው ነው ያልከው። እኔ ድሬዳዋ ነኝ። እኔን ያገኘኝ አንተን እንዳያገኝህ በዝርዝር ልጻፍልህ።

1. ፍሎፒውን ከማስገባትህ በፊት ጥጉ ላይ ያለችውን መዝጊያ አንሸራትተህ ቀዳዳውን ክፈት፤ ያኔ ድራይቩ ሊጽፍበት አይችልም። ቀጥሎ የብረት ክዳኑን ገፋ አድርገህ ጥቁሩን ፊልም እያዞርክ በብርሃን ተመልከት። ነጫጭ ነጠብጣብ ካየህ ሻጋታ ነው፤ ለይተህ አስቀምጠው። አንድ የሻገተ ፍሎፒ ሄዱን (ፍሎፒውን የሚያነበውንና የሚጽፍበትን የድራይቩን ክፍል) ያቆሽሽና ተከትሎ የሚገባውን ጤነኛ ፍሎፒ ያስፍቀዋል።

2. ሄዱን በአልኮል አጽዳ። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው 70 በመቶው ውሃ ይበዛበታል፤ ከዚያ ከፍ ያለውን ፈልግ። የላይኛው ሄድ በስስ ብረት ላይ ስለተንጠለጠለ ብዙ ከፍ ካደረግከው ይጣመማል፣ ያኔ አበቃ። ትንሽ ብቻ ገልጠህ ክር በማይተው ጨርቅ ቀስ ብለህ ጥረግ። ሄዱን የሚያስኬደው ጥምዝ ዘንግ ላይ ያለው ግራሶም በእኛ አቧራ እንደ ጭቃ ይደርቃል፤ ጠርገህ ስስ አዲስ ግራሶ ቀባው።

3. የሞተሩን ብሎኖች ማንም አይንካ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ። የእኔ ድራይቭ ችግሩ ቆሻሻ ብቻ ነበር። እዚህ ከተማ ያለ አንድ ጥገና ቤት ግን ሠራተኛው ካቻቪቴውን አንስቶ ሄዱን የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ብሎኖች አላላ፣ ወዲህ ወዲያ ነቀነቀው፣ መልሶ አጠበቀው። ከዚያ አዲስ ፍሎፒ አስገብቶ ፎርማት አደረገ፣ ጻፈበት፣ አነበበው። «ይኸው ሠራ፤ ሂሳብ!» አለኝ። የአጎቴን የንግድ ደብዳቤዎች የያዙት ፍሎፒዎች ግን አንዳቸውም አልተነበቡም። ይህን ስነግረው በሰው ፊት አመናጨቀኝ፤ «እነሱ ሞተዋል፣ ጣላቸው» አለ። ገንዘቡንም አልመለሰም።

አልሞቱም ነበር። ባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒ በአንድ ገጹ 80 ትራክ፣ ማለትም መረጃ የሚጻፍበት ክብ መስመር፣ አለው፤ ከአንዱ ትራክ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 0.19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሄዱ ከመስመሩ ትንሽ ከወጣ በተሳሳተው ቦታ ራሱ ይጽፋል፣ ራሱም ያነበዋል። ሌላ ኮምፒውተር የጻፈውን ግን አያገኘውም። ስለዚህ ድራይቩ ራሱ በጻፈው ፍሎፒ ቢፈተን ምንም አያስረዳም። በሌላ ማሽን የተጻፈ ፍሎፒ አምጥተህ ዓይንህ እያየ ካልተነበበ አንድ ብር እንዳትከፍል!

ያቃናሁት እኔው ነኝ። ኢሜጅዲስክ የሚባል በዶስ (በድሮው የኮምፒውተር ሥርዓት) የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ ሄዱን አንድ ትራክ ላይ አቁሞ ምን ያህል ሴክተር (የትራኩ ክፋይ) እንደሚያነብ ያለማቋረጥ ያሳያል። ፋብሪካ የጻፈበትን ፍሎፒ አስገብቼ፣ ብሎኖቹን በጥቂቱ አላልቼ፣ ሞተሩን በጣቴ ጫፍ እየገፋሁ 18ቱም ሴክተሮች እስኪነበቡ ታገልኩ። መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ትራክ አይቼ አጠበቅሁት። ጣላቸው የተባልኩት ደብዳቤዎች ዛሬ ተከፍተው ይነበባሉ፤ በዚህ እኮራለሁ።

4. ጎቴክ ጥሩ ነው፤ ግን አሮጌውን አታውጣ። ጎቴክ ፍላሽ ላይ ያለ የዲስክ ምስል (የአንድ ፍሎፒን ይዘት በሙሉ የያዘ ፋይል) እንጂ ፍሎፒ አያነብም፤ ድራይቩን ብትጥለው የአባትህ ፍሎፒዎች በምን ይነበባሉ? ሁለቱንም በአንድ ኬብል አገናኛቸው፦ አሮጌው ከተጠማዘዘው ክፍል ወዲያ ባለው ጫፍ ኤ ይሁን፣ ጎቴኩ መካከል ላይ ቢ። ጎቴኩ ላይ ፍላሽፍሎፒ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጫን፣ ፍላሹ ላይ 1,474,560 ባይት የሆነ ባዶ ምስል አስቀምጥ፣ ከዚያ ዲስክኮፒ በሚባለው የዶስ ትእዛዝ ከኤ ወደ ቢ ገልብጥ። ፍላሹን ነቅለህ በማንኛውም ላፕቶፕ ትከፍተዋለህ።

ጎቴኩን ከውጭ ካስመጣኸው የግዢ ደረሰኙን በወረቀት አትመህ ያዝ። የእኔን ጥቅል ያስቀረ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስልኬ ላይ ያለውን ደረሰኝ ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልነበረም፤ «ፍሎፒ ዛሬ ማን ይጠቀማል?» እያለ አመላለሰኝ። ወረቀቱን ሳቀርብለት ያለ አንድ ቃል ፈረመ።

ኬብሉን ስትሰካ ቀዩ መስመር ወደ 1 ቁጥር ፒን ይሁን። የድራይቩ መብራት በርቶ ከቀረ ኬብሉ ተገልብጦ ተሰክቷል፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አዙረው። ብሎኑን ቀድሞ የነካብህ ካለ ደግሞ ድራይቩን ይዘህ ወደ ድሬዳዋ ውረድ፤ የፋብሪካው ፍሎፒ እኔ ዘንድ አለ፣ አብረን እናቃናዋለን።